ቁልቢ ሄደው ድሬዳዋ ያደሩት እናት፦ የመድኃኒት አለርጂ የተባለ ሽፍታ

ጉዳዩ የአንዲት የ54 ዓመት እናት ነው። አራት ኪሎ አካባቢ ይኖራሉ፤ ትንሽ ሱቅ አላቸው። ስማቸውን አልጠቅስም፣ ማንነታቸውን የሚያሳብቁ ጥቃቅን ነገሮችንም ቀይሬያለሁ። ታሪኩ እንዲጻፍ ግን ራሳቸው ፈቅደዋል።

ዋናውን ነገር አስቀድሜ ልናገር። ትንኝ በሚያስተላልፋቸው ቫይረሶች የሚመጣ ሽፍታ እንደኛ ባለ ቆዳ ላይ መጽሐፍ ላይ እንደምናየው ፎቶ ቀልቶ አይታይም። ከእነዚህ ቫይረሶች አንዱ በሆነው በዴንጊ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚወጣው ትኩሳቱ ሲወርድ ነው፤ ያኔ ቤተሰብ "ተመስገን፣ ተሻላት" ይላል። ሐኪሙ ሽፍታውን ብቻ አይቶ "መድኃኒቱ አልተስማማዎትም" ብሎ ይሸኛል። በዴንጊ ግን ሰው የሚሞተው በእነዚያው ቀናት ነው። እኚህም እናት ለጥቂት ነው የተረፉት።

አጀማመሩ

ሐምሌ 26 ማታ ድንገት አተኮሳቸው። ብርድ ብርድ አላቸው፣ ራሳቸውን ፈለጣቸው፣ ወገባቸውን ቆረጠማቸው። ከሁሉ የባሰባቸው ከዓይናቸው ጀርባ ያለው ሕመም ነበር፤ ዓይናቸውን ወደ ጎን ማዞር እስኪያቅታቸው ድረስ። ጎረቤት "ምች ነው" አለ፤ ዳማከሴ ተጨምቆ ተሰጣቸው፣ ታጠኑ። ልጃቸው በማግስቱ ጠዋት ፊታቸው አብጦ፣ ጉንጫቸው ሲነካ እንደሚፋጅ አስተውላለች። "የትኩሳቱ ነው" ብላ አለፈችው። እውነትም የትኩሳቱ ነው፤ ግን ደግሞ የዴንጊ የመጀመሪያው የቆዳ ምልክት ይኸው ነው። በመጀመሪያው አንድና ሁለት ቀን ፊት፣ አንገትና ደረት ይግላል፣ ይቀላል። ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ቅላቱ አይታይም፤ ሙቀቱና እብጠቱ ብቻ ይቀራል። ስለዚህ በዓይን ካልተገኘ በእጅ መፈለግ ነው።

ሐምሌ 27 ሰፈር ውስጥ ወዳለ አንድ ክሊኒክ ሄዱ። ደም ተሰጠ። ውጤቱን አዲስ አበባ የሚኖር ሰው ሁሉ በቃሉ ያውቀዋል፦ ታይፎይድና ታይፈስ። ሲፕሮፍሎክሳሲንና ዶክሲሳይክሊን ታዘዘ፣ ለሕመሙ ደግሞ የዳይክሎፌናክ መርፌ ተወጉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልል ማለፍ አልችልም። ለታይፎይድና ለታይፈስ የሚሠሩት ዊዳልና ዌል ፊሊክስ የሚባሉት ምርመራዎች አንድ ጊዜ ብቻ ሲሠሩ የሚሰጡት መልስ እጅግ ደካማ ነው። ቀድሞ የያዘን በሽታ፣ ክትባት፣ ሌላ ኢንፌክሽን፣ ሁሉም "ፖዘቲቭ" ሊያስብላቸው ይችላል። አገራችን ውስጥ ታይፎይድ የለም ማለቴ አይደለም፤ ታይፈስም አለ። ግን ያተኮሰው ሰው ሁሉ ሁለቱም አለበት ከተባለ፣ ሌላው በሽታ ከመፈለጉ በፊት በሩ ይዘጋል።

ሐምሌ 29 ሌሊት ትኩሳቱ ወረደ። ሐምሌ 30 ጠዋት ሽፍታው ወጣ፤ በደረትና በጀርባ ጀምሮ እየዋለ ወደ ክንዳቸው ወረደ። ወደዚያው ክሊኒክ ተመለሱ። "አለርጂ ነው፣ ክኒኖቹን ያቁሙ" ተባሉ። የማሳከክ መድኃኒት ተሰጥቷቸው ወደ ቤት ሄዱ። ደም ምርመራው አልተደገመም።

በማግስቱ ነሐሴ 1 ነው፤ ፍልሰታ ገባ። እሳቸውም ትኩሳቱ ስለለቀቃቸው እህል ውኃ ሳይቀምሱ ዋሉ።

እኛ ጋ ሲመጡ

ከሰዓት በኋላ ልጃቸው ደግፋ አስገባቻቸው። የመጡት ለሽፍታው አልነበረም። ሆዳቸውን ከማለዳ ጀምሮ ያማቸዋል፣ ሁለት ሦስት ጊዜ አስመልሷቸዋል፣ ደክመዋል። "ጨጓራዬ ነው ዶክተር፣ መድኃኒቱ ነው የላጠኝ" አሉኝ። ጠዋት በመፋቂያ ሲፍቁ ድዳቸው እንደደማም ልጃቸው ናት የነገረችኝ፤ እሳቸው ከቁም ነገር አልቆጠሩትም።

ትኩሳት የለም፤ 36.7። የደም ግፊታቸው 98 በ76። ላይ ላዩን ሲታይ "ትንሽ ዝቅ ብሏል" የሚባል ነው። ግን በላይኛውና በታችኛው ቁጥር መካከል ያለውን ልዩነት ተመልከቱ፤ 22 ብቻ ነው። 20 ሲደርስ ሾክ ነው የምንለው፤ ደም ለሰውነት ክፍሎች በበቂ መጠን አይደርስም ማለት ነው። የልብ ምታቸው 112። እጃቸው ቀዝቅዟል።

ቀጥሎ ቆዳቸውን አየሁ። የምርመራ ክፍላችን መብራት ነጭ ፍሎረሰንት ነው፤ በዚያ ብርሃን ክንዳቸው ላይ ምንም የለም ማለት ይቻላል፣ ትንሽ የጠቆረ ይመስላል፣ በቃ። ወንበሩን ወደ መስኮቱ አስጠጋሁት። ክረምት ነው፣ ሰማዩ ዳምኗል፤ ቢሆንም የቀን ብርሃን የቀን ብርሃን ነው። ያኔ ታየ። ደረታቸውና የክንዳቸው የውስጥ ክፍል ላይ ከቆዳቸው ቀለም ጠቆር ያለ፣ ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላ፣ ጠርዙ የማይለይ ሽፍታ። እጄን በቀስታ ሳሳልፍበት አሸዋ እንደተነሰነሰበት ይሻክራል። መዳፋቸውን እንዲዘረጉልኝ ጠየቅኋቸው። መዳፍ ለሁላችንም ፈዘዝ ያለ ስለሆነ ውሸት አያውቅም፤ ቀልቷል፣ ስጫነው ቅላቱ ይጠፋል፣ ስለቀው ይመለሳል።

"አፍዎን ይክፈቱልኝ እማማ።" ላንቃቸው ላይ የመርፌ ጫፍ የሚያካክሉ ቀያይ ነጥቦች። የደም ግፊት መለኪያው ታስሮበት ከነበረው ቦታ በታች፣ ክርናቸው እጥፋት ላይ፣ ተመሳሳይ ነጥቦች ወጥተዋል። እነዚህን ሲጫኗቸው አይጠፉም። ይህ ደም ከሥር ወጥቶ ቆዳ ውስጥ የቀረበት ምልክት ነው፤ ከሽፍታው የተለየ ነገር ነው፣ ትርጉሙም የተለየ ነው።

ይህን ሆን ብሎ ለማየት የሚደረግ ምርመራም አለ። መለኪያውን በላይኛውና በታችኛው ግፊት መካከል ነፍቶ 5 ደቂቃ ማቆየት፣ ከዚያ ጎኑ 2.5 ሴንቲ ሜትር በሆነ ካሬ ውስጥ ነጥቦቹን መቁጠር፤ 10 ወይም ከዚያ በላይ ከሆኑ ፖዘቲቭ ይባላል። እኔ እንደገና ነፍቼ ጊዜ አላባከንኩም። ላንቃቸው በቂ ነበር። ጥቁር ቆዳ ላይ ነጥቦቹን መቁጠር ከባድ ስለሆነ ላንቃንና የዓይን ሽፋን ውስጠኛውን ክፍል ማየትን ማስቀደም ይሻላል።

"የት ሄደው ነበር?" እና "የት አደሩ?"

ያ ክሊኒክ የት እንደሄዱ ጠይቋቸዋል፤ ይህን አልክድም። "ቁልቢ ገብርኤል" ብለዋል። ቁልቢ ደጋ ነው፣ ብርድ ነው፣ ወባ አይታሰብም። ጉዳዩ እዚያ ላይ ተዘጋ።

እኔ የጠየቅኋቸው የት እንዳደሩ ነው።

"ድሬ ነዋ፣ እህቴ ቤት። ለንግሡ በሌሊት ወጣን፣ ከዚያ ተመልሰን ድሬ ሰነበትን።"

"ትንኝ ነበር?"

"ማታ እንኳን አጎበር ነበረን። ቀን ነው እንጂ፣ በረንዳ ላይ ቁጭ ስንል ቁርጭምጭሚቴን ጨረሰኝ!"

ልጃቸው ቀጠለች፤ ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ ግቢው ውስጥ በርሜል በበርሜል ነው፣ ገሚሱ ክዳን የለውም። አክስቷም ጠዋት ደውላ "እኛም ቤት ሁለት ሰው ተኝቷል" ብላ ነበር። ይህን ለማንም አልተናገረችም፣ የጠየቃት ስለሌለ።

ኤደስ ኢጂፕቲ የሚባለው ትንኝ ማለት ይህ ነው። ንጹሕ የተጠራቀመ ውኃ ይወዳል፣ በርሜልና ሮቶ ውስጥ ይራባል፣ የሚናከሰው በቀን ነው፣ በተለይ ጠዋትና አመሻሽ ላይ። የማታ አጎበር ከወባ ትንኝ ያድናል፤ ከዚህኛው ግን ቀን የሚተኛን ሰው ካልሆነ በቀር እምብዛም አያድንም።

ድሬዳዋ በዴንጊ ስትጠቃ የመጀመሪያዋ አይደለም። በአገራችን የዴንጊ ወረርሽኝ መጀመሪያ የተረጋገጠው እዚያው ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2013። ከዚያ በኋላ ሶማሌ ክልል ጎዴ ላይ ታየ፣ በ2023 ደግሞ አፋር ውስጥ ሎጊያና ሚሌ ተመቱ። በ2019 ድሬዳዋን ያጥለቀለቃት በዚያው ትንኝ የሚተላለፈው ቺኩንጉንያ ነበር። አዲስ አበባ በ2,400 ሜትር ከፍታ ግድም ላይ ስለሆነች ብርዱ ለዚህ ትንኝ አይመቸውም። ስለዚህ እዚህ አይነክሰንም እንበል። ሰው ግን ይጓዛል። በዓመት ሁለቴ፣ በታኅሣሥ 19 እና በሐምሌ 19፣ ከዚህ ከተማ ስንት አውቶቡስ ወደ ቁልቢ እንደሚነሳ ሁላችንም እናውቃለን። ቫይረሱ ከተነከሱ በኋላ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 10 ቀን ምልክት ሳያሳይ ነው የሚቆየው፤ ማለትም ሰው ቤቱ ገብቶ፣ ሻንጣውን ፈትቶ፣ ሥራ ከጀመረ በኋላ ነው የሚያተኩሰው።

ሁለቱ ወረቀቶች

ልጃቸው የመጀመሪያውን የላቦራቶሪ ወረቀት በፌስታል ይዛው ነበር፣ እግዚአብሔር ይስጣት። የሐምሌ 27 ውጤት ነው፦ ነጭ የደም ሴል 3,100፣ ፕላትሌት (ደም እንዲረጋ የሚያደርገው) 138,000፣ ሄማቶክሪት (ከደሙ ውስጥ የቀይ የደም ሴል ድርሻ በመቶኛ) 41። እኛ ወዲያው አሠራነው፦ ነጭ የደም ሴል 2,400፣ ፕላትሌት 64,000፣ ሄማቶክሪት 48።

ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ ስታዩት ታሪኩ ግልጽ ነው። ፕላትሌቱ ከግማሽ በታች ወርዷል። ሄማቶክሪቱ ጨምሯል፤ ይህ ደም በዛ ማለት ሳይሆን የደሙ ፈሳሽ ከሥር እያፈተለከ ወጥቶ የቀረው ወፍሯል ማለት ነው። ሆዳቸውን የሚያማቸውም፣ እጃቸው የቀዘቀዘውም ለዚህ ነው። በዴንጊ ይህ ማፍሰስ የሚጀምረው ትኩሳቱ ሲወርድ፣ በአብዛኛው ከሦስተኛው እስከ ሰባተኛው ቀን ባለው ጊዜ ሲሆን ከ24 እስከ 48 ሰዓት ይቆያል።

"መድኃኒቱ ቢሆንስ?" የሚል ባልደረባ ይኖራል። ጥያቄው ትክክል ነው፤ ሲፕሮፍሎክሳሲን ሽፍታ ያወጣል፣ በዚህም ቀን ሊያወጣ ይችላል። በዓይን ብቻ ሁለቱን መለየት አይቻልም። ነገር ግን ነጭ የደም ሴሉም ፕላትሌቱም የወረዱት ገና አንድ ክኒን ሳይዋጥ ነው። ይህ ወረቀቱ ላይ ተጽፏል።

ሌሎቹንም አየናቸው። የወባ ምርመራ ኔጌቲቭ ነው፤ ወባ እንዲህ ዓይነት ሽፍታ አያወጣም፣ ግን ከቆላ የመጣ ትኩሳት ሳይመረመር አይታለፍም። በዚያው የደም ምርመራ የሚያገረሽ ትኩሳት ተውሳክም ተፈለገ፣ የለም። ኩፍኝ? ሳል የለም፣ ንፍጥ የለም፣ በልጅነታቸው ወጥቶላቸዋል፤ ሽፍታውም ከጆሮ ጀርባና ከፊት አልጀመረም። ታይፈስ? ያኛው ሽፍታ ብዙውን ጊዜ መዳፍንና የውስጥ እግርን አይነካም፤ ቅማልም የለም። ቢጫ ወባ ቢሆን ከሽፍታ ይልቅ የዓይንና የቆዳ ቢጫነት ነበር የምንፈልገው፤ ዓይናቸው ጥሩ ነው።

ቺኩንጉንያ የምር ተፎካካሪ ነበር። ሽፍታው ተመሳሳይ ነው፣ ትንኟም ያችው ናት። እዚያ ግን ሰውን የሚያሽመደምደው መገጣጠሚያ ነው፤ የእጅ አንጓ፣ ጣት፣ ቁርጭምጭሚት ያብጣል፣ ሰው ስኒ ማንሳት ያቅተዋል፣ ለወራትም ሊቆይ ይችላል። ከሽፍታው በኋላ አፍንጫ ላይ የሚቀር ጥቁረትም አለ፣ ብዙ ሰው "ማድያት ወጣብኝ" ብሎ የሚመጣበት። የእኚህ እናት መገጣጠሚያ አላበጠም። ያችው ትንኝ የምታስተላልፈው ዚካ ደግሞ ትኩሳቱ ቀላል፣ ሽፍታው የሚያሳክክ፣ ዓይን የሚያቀላ ነው፤ ትልቁ ጭንቀት ነፍሰ ጡር ላይ ነው። ፕላትሌትን እንዲህ መጣልና ደም ማፍሰስ የእሱ ጠባይ አይደለም።

ሆስፒታል

በአምቡላንስ እስኪወሰዱ ሳንጠብቅ ሪንገር ላክቴት የሚባለውን በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ ጀመርንላቸው፣ ከዚያ ቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ላክናቸው። ወረቀቱ ላይ በትልቁ ጻፍኩ፦ አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክ አይሰጥ። እነዚህ የደም መፍሰስን ያባብሳሉ። ለሕመምና ለትኩሳት ፓራሲታሞል ብቻ። ያ የመጀመሪያው መርፌ እንዲያ ላለ ትኩሳት ባይሰጥ ነበር የሚሻለው፤ ትኩሳቱ ምን እንደሆነ እስኪታወቅ ድረስ ሁሉም ጋ ቢቀር ደስ ይለኛል።

አልጋ ላይ ሆነው ለመጠጣት እምቢ አሉ። "ጾም ነው ልጄ፣ ገና የመጀመሪያው ቀን።" ለመከራከር እኔ አቅም የለኝም፣ መብትም የለኝም። ልጃቸው ወጣ ብላ ለንስሐ አባታቸው ደወለች፤ ስልኩን በድምፅ ማጉያ አድርጋ አመጣችው። ቄሱ ረጅም ንግግር አላደረጉም። "ልጄ፣ የታመመ አይጾምም። የሚሰጡሽን ጠጪ፤ ስትድኚ ትጾሚያለሽ" አሉ። ከዚያ በኋላ የኦ አር ኤሱን ብርጭቆ ራሳቸው ጠይቀው ወሰዱ። ለዴንጊ ቫይረሱን የሚገድል መድኃኒት የለም። ፈሳሽ ነው፤ በልኩ፣ እየተለካ የሚሰጥ ፈሳሽ። ሲያንስ ሾክ ነው፣ ሲበዛ ሳንባ ውስጥ ይገባል፤ ስለዚህ ሄማቶክሪቱ በየሰዓታቱ ይታያል።

ፕላትሌቱ በማግስቱ እስከ 47,000 ወረደ። ቤተሰቡ ደም ለመስጠት ተሰልፎ ነበር፤ ብዙ ስለማይደሙ አላስፈለገም። ነሐሴ 3 ሄማቶክሪቱ 42 ሆነ፣ ፕላትሌቱም ማንሰራራት ጀመረ።

የተላከው ናሙና ውጤት ቆይቶ መጣ፦ የዴንጊ አይጂኤም (በቅርቡ መያዝን የሚጠቁም ፀረ እንግዳ አካል) ፖዘቲቭ፣ ቺኩንጉንያ ኔጌቲቭ። ውጤቱን ግን ሳንጠብቅ ነው ያከምናቸው፤ ለክፍለ ከተማው ጤና ጽሕፈት ቤትም በዚያው ቀን አሳውቀናል።

ሁለተኛው ሽፍታ

ነሐሴ 5 ልጃቸው ደነገጠች። "ዶክተር፣ አሁን ደግሞ ቋቁቻ ወጣባት!" ፎቶ ልካልኝ ስለነበር ሄጄ አየኋቸው። እግራቸውና ክንዳቸው በሙሉ ጠቁሯል፣ በመሃል በመሃል ግን ክብ ክብ የሆኑ ትንንሽ ፈዛዛ ቦታዎች አሉ። ቋቁቻ ይመስላል፣ እውነት ነው። ግን የታመመው ፈዛዛው አይደለም፤ እሱ ጤነኛው ቆዳ ነው። ሽፍታው ተያይዞ ዙሪያውን ሲሸፍን ያልተነኩት ቦታዎች ናቸው እንደዚያ የሚታዩት። ቀላ ያለ ሰው ላይ በቀይ መሃል ያሉ ነጭ ነጠብጣቦች ሆነው ይታያሉ፤ እኛ ላይ በጥቁር መሃል የቆዳችን ቀለም ነው የሚታየው። ከዚህ ጋር መዳፋቸውንና የውስጥ እግራቸውን እንቅልፍ እስኪያጡ አሳከካቸው።

ይህ የመዳን ሽፍታ ነው። ብዙ ጊዜ ከስድስተኛው ቀን በኋላ ይወጣል፤ የምግብ ፍላጎት ይመለሳል፣ ሽንት ይበዛል፣ ልብ ምት ይረጋጋል። ስለዚህ "ሽፍታ ወጣ" ብቻ ብሎ ነገር የለም። ስንተኛው ቀን ነው? ትኩሳቱ ወርዷል ወይስ አለ? ሆድ ያማል? ድድ ይደማል? አንዱ ሽፍታ ሆስፒታል ያስገባል፣ ሌላው ያስወጣል።

ልጃቸው ከፋርማሲ የስቴሮይድ ቅባት ገዝታ መጥታ ነበር፣ ጥቁረቱን ያጠፋል ተብላ። አስመለስኳት። ቆዳው በራሱ ይላጣል፣ ቀለሙ በሳምንታት ውስጥ ይመለሳል፤ ቫዝሊንና የማሳከክ ክኒን ይበቃል። ጎረቤቶች ደግሞ ቡና ለመጠጣት ፈርተው ነበር፣ ይተላለፋል ብለው። ዴንጊ በስኒ፣ በትንፋሽ፣ ቆዳ በመነካካት አይተላለፍም። ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ የምታስተላልፈው ትንኟ ናት።

ለክትትል ሲመጡ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስለታቸውን። በየዓመቱ ቁልቢ እሄዳለሁ ብለው ተስለዋል። ይሂዱ አልኳቸው። ግን ዴንጊ አራት ዓይነት ነው፤ አሁን የያዛቸው ከዚያው ዓይነት ይከላከልላቸዋል፣ ከሌሎቹ ሦስቱ ግን አይደለም፤ በሌላኛው ዓይነት ሁለተኛ ጊዜ ሲያዙ ደግሞ የከፋ የመሆን ዕድሉ ይጨምራል። ድሬ ሲያድሩ በቀን ረጅም ቀሚስና ካልሲ፣ የትንኝ መከላከያ ቅባት፣ የእህታቸው በርሜል ደግሞ ክዳን ይደረግለት፣ በየሳምንቱም ይፈገፈግ። የበርሜሉን ነገር ሲሰሙ ወዲያው ስልካቸውን አውጥተው ድሬ ደወሉ፤ እዚያው እኔ ፊት።

የክትትል ካርዳቸው ሽፋን ላይ በአማርኛ ጻፍኩላቸው፦ "ከዚህ ቀደም ዴንጊ ይዟቸዋል። ትኩሳት ካለ የት እንዳደሩ ይጠየቁ፣ ፕላትሌትና ሄማቶክሪት ይታይ፣ ዳይክሎፌናክ አይወጉ።" ኮፒውን ልጃቸው ቦርሳዋ ውስጥ ይዛዋለች።